በርሜሉ የተከለከለበት ቀን

የታሰርንበት ቤት የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ስገፋ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሰው ሳይሆን ሽታ ነው፤ ዓይን የሚያስለቅስ፣ ጉሮሮ የሚፍቅ የዩሪያ ሽታ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ የመንዝ ብርድ እንደ ልቡ ይገባል። ሃያ አምስት ሰዎች ባዶ ጆንያ አንጥፈው ግድግዳውን ተደግፈዋል። መሐል ላይ አንድ ሰማያዊ በርሜል፣ በላዩም አንድ ጣሳ። በሳምንት ሁለት ጊዜ የውሃ ቦቴ እየመጣ ይሞላዋል አሉኝ።

"ምን አድርገህ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ጥያቄ ጠይቄ" አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን እውነቴን ነበር።

የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝ። የማጠናው በድሃ አገሮች ባንክ እንዴት በወሬ ብቻ እንደሚወድቅ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ጤነኛ ባንክ እንኳ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን "ገንዘቤን!" ካለው መክፈል አይችልም። ስለዚህ ሌላው ሊሮጥ ነው ብሎ የጠረጠረ ሁሉ ቀድሞ ይሮጣል፤ ሞኝ ስለሆነ ሳይሆን ብልጥ ስለሆነ። ታዲያ ይህን ሩጫ የሚያቆመው ምን ዓይነት ተቋም ነው? ወደ ጓሳ ያስነሣኝ ይህ ጥያቄ ነው። እዚያ የቤት ክዳን ሣር የሚታጨድበት አጥር የሌለው ምድር ለዓመታት ይከለከላል፣ ሕዝቡም እስኪከፈት ይጠብቃል ሲባል ሰምቼ ነበር። መጠይቄን በቦርሳዬ ይዤ ከሞላሌ ሽቅብ ስጓዝ ፍተሻ ላይ ያዙኝ። ሰባተኛው ጥያቄ "ከሚከተሉት ውስጥ ማንን ያምናሉ?" ይላል። በዝርዝሩ እድር አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ባንክ አለ። መንግሥትም አለ።

"ሕዝቡ መንግሥትን ያምን እንደሆነ ጠይቅ ብሎ የላከህ ማነው?" አለኝ መርማሪው።

"ማንም። ለጥናት ነው።"

"እሺ፣ ምን አሉህ?"

"ገና አልጠየቅሁም።"

ቅር ያለው መሰለኝ። ለካ እሱም መልሱን ማወቅ ፈልጎ ኖሯል።

መጋዘኑ ውስጥ በስተቀኜ የሚተኙት ሽማግሌ የጓሳ ሰው ሆነው ተገኙ። ጓሳውን እንዲጠብቁ ሕዝቡ ከመረጣቸው አንዱ ናቸው። እስር ቤት ገብቶ ደስ ያለው ሰው ካለ ያን ቀን እኔ ነበርኩ።

"እርስዎን ለምን አሰሩዎት?"

"ከብት ክልክሉ ውስጥ ገብቶ አገኘሁ። አስወጣሁት። ባለቤቱ ለካ ሹም ኖሯል።"

አሥር ቀን ያህል በጥያቄ አደረቅኋቸው። ሰው እንዴት ያን ያህል ይጠብቃል? ጎረቤቱ ተደብቆ ቢያጭድስ? አንዳንዱን ይመልሱልኛል፤ አንዳንዱን "ልጄ፣ ለመሆኑ አንተ ማጭድ ይዘህ ታውቃለህ?" ብለው ያልፉታል። አንዱን መልሳቸውን ግን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። "የሚከለክለው ሰው ቤቱ የሚያፈስ መሆን አለበት" አሉኝ። "የኔ ጣራ እያፈሰሰ እኔ ካላጨድሁ፣ አንተ በምን አፍህ ትናገራለህ?"

ከዚያ ቦቴው ቀረ። ሐሙስ አልመጣም፤ አርብም አልመጣም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሩ አጠገብ የሚቀመጠው እስረኛ፣ ጠባቂዎቹ "መንገዱ ተዘግቷል፣ ውሃ የለም" ሲባባሉ ሰማሁ አለ። በርሜሉ ውስጥ ሩብ ያህል ውሃ ነበር። ቆጥበን ብንጠጣው ሁለት ቀን ያዘልቀናል። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተጣላም። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ዝም ብሎ ተነሥቶ ጠርሙሱን ሞላ። ሌላው ጆጉን ይዞ ተከተለው። ከዚያ መጋዘኑ በሙሉ ተነሣ።

እኔ ሦስተኛ ነበርኩ። ስለዚህ ነገር ስንት ዓመት ያስተማርሁ ሰው ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ሞልቼ አንዱን ራስጌዬ አቆምኩ፤ ሌላውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጆንያዬ ሥር ደበቅሁ። እየደበቅሁም በሆዴ "ይኸው፣ ልክ እንደዚህ ነው የሚሆነው" እል ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጣሳው የበርሜሉን ታች ቧጠጠ።

በስተግራዬ የሚተኛው ከቆላው ወገን የመጣ ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ ነው። ውሃው እንዳይባክን ብሎ ለሶላት በውሃ መታጠቡን ከተወ ሳምንት አልፎታል፤ በደረቅ አፈር እየተብቃቃ ይሰግድ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ትኩሳት ሲያነደው ስለሰነበተ ከሩጫው አልገባም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

"ውሃ" አለ ቀስ ብሎ።

ሁላችንም የየራሳችንን ጠርሙስ አየን። ጥቂት ልሰጠው አሰብኩ። ግን ለእሱ ከሰጠሁ ሌላውም ይጠይቀኛል፣ ከጠየቀኝም ያልቃል ብዬ ተውሁት። ይህን ሐሳቤን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ።

ሽማግሌው አልሮጡም ነበር። ያላቸው ጠዋት የቀዷት አንድ ኮዳ ውሃ ብቻ ናት። እሷን ይዘው ተነሡና ባዶው በርሜል አጠገብ ቆሙ።

"ስሙኝማ" አሉ። "ይህ በርሜል ከአሁን ጀምሮ ክልክል ነው። ቦቴው እስኪመጣ የሚከፈተው ለታመመ ብቻ ነው። ማን ስንት እንደቀዳ አልጠይቅም። የማንም ጆንያ አይገለጥም።"

ኮዳቸውን በርሜሉ ውስጥ ገልብጠው አፈሰሱት።

"ፋዘር፣ ምን መሆንዎ ነው? እርስዎስ ምን ሊጠጡ?" አለ ሹፌሩ።

"እኔ ጾም ለምጃለሁ፣ ልጄ።"

በጣሳው ጥቂት ቀዱና ነጋዴውን ቀና አድርገው ደገፉት። "በል፣ ቢስሚላህ በልና ጠጣ" አሉት። ጉሮሮው ሲውጥ ድምፁ ለሁላችንም ተሰማ።

እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሩጫ እንዴት እንደሚጀመር ብዙ ተጽፏል፤ እንዴት ወደ ኋላ እንደሚመለስ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ከጀርባ መንግሥት ቆሞ "እኔ አለሁ" ካለ ሰው ይረጋጋል ብለን እናስተምራለን። እዚህ ግን ውሃውን ያላመጣው ከበሩ ውጭ የቆመው መንግሥት ራሱ ነው። ታዲያ ምን ሊሆን ነው? ፍርሃቴን ሁሉ ረስቼ መልሱን ለማወቅ ጓጓሁ።

ሹፌሩ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እያለ እያጉረመረመ ተነሣ። የጠርሙሱን ግማሽ በርሜሉ ውስጥ አንቆረቆረ። ትንሽ ቆይቶ ባለ ጆጉ ተነሣ። ከዚያ አንድ ሌላ። ሦስት ሰው እስኪሞላ ቆጥሬ ነው እኔ የተነሣሁት። ራስጌዬ የቆመውን ጠርሙስ አፍስሼ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

የተደበቀው ግን ከጆንያው ሥር ሆኖ ጎኔን ይጎረብጠኛል። ማንም አላየውም። ጆንያ አይገለጥም ተብሏል። ዝም ብል ማንም የሚያውቅብኝ አልነበረም። በመጨረሻ ተነሥቼ ብርድ ልብሱን በሁሉም ፊት ፈታሁና ጠርሙሱን ይዤ ወደ በርሜሉ ሄድኩ።

"እንዴ! ዶክተር፣ አንተም?" አለ ሹፌሩ።

"እኔም" አልኩት።

ሽማግሌው የበርሜሉን አፍ በጆንያ ሸፈኑት። ነጋዴው በዚያ ውሃ ሁለት ቀን ቆየ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቦቴው መጣ። መንገዱ ተዘግቶ አልነበረም፤ የቦቴው ጎማ ነው የፈነዳው። ነጋዴው ትኩሳቱ ለቀቀው። ሽማግሌውን በማግሥቱ ፈቷቸው፣ እኔን ከወር በኋላ።

አንድ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። የሽማግሌው ነገር ብልሃት ነበር? ሹፌሩ እንደሚከተላቸው ገምተው ነበር? ዘንድሮ ጓሳ ወጣሁ። ሽማግሌውን የጎረቤታቸውን ቤት ጣራ ሲያስከድኑ አገኘኋቸው። ተቃቅፈን ብዙ ተሳሳምን። ዕቅፍ ሙሉ ሣር ላይ ተቀምጠን ስለ ነጋዴው ጤንነት፣ ስለ ልጆቼ ከተጨዋወትን በኋላ ደብተሬን አወጣሁ።

"አባቴ፣ ያን ቀን ማንም ባይከተልዎት ኖሮ ምን ሊሆኑ ነበር?"

ትምህርት እንደማይገባው ተማሪ አዩኝ።

"ምን እሆናለሁ? እሱ ይጠጣል፣ እኔ ይጠማኛል።"

ጻፍሁት። ጥናቴ አሁን ሊያልቅ ነው፤ ይህችን መልስ በየትኛው ምዕራፍ እንደማስገባት ግን እስካሁን አላወቅሁም።