ካርዱን ያዙ ያልኩት እኔ ነኝ

የሆስፒታላችንን ጥበቃዎች እንዳሠለጥን የተመረጥኩት ስለ ትምባሆ ከሌላው የተለየ እውቀት ኖሮኝ አይደለም። "ማን ይውሰደው?" ሲባል ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ እኔ ዘግይቼ እየገባሁ ስለነበር ቀና ብዬ ተገኘሁ። በዚያ ሳምንት ሦስት አዳር ገብቻለሁ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። ግቢው ከጭስ ነጻ ይሁን የሚል አራት ገጽ ወረቀት ተሰጠኝ፣ አሥራ አንድ ጥበቃዎች ተሰጡኝ፣ ከተሰባበሩ አልጋዎች ጋር የምንጋራው አንድ መጋዘን ተሰጠኝ።

ሆስፒታላችን አዲስ አበባ ውስጥ ከሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ብዙ አይርቅም። ጥበቃዎቹ አብዛኞቹ የቀድሞ ወታደሮች ናቸው፤ ሲጠብቁ አድረው በቀጥታ ወደ ሥልጠናው ስለሚመጡ እኔ ሳወራ ያንቀላፋሉ። አልተቆጣኋቸውም። እኔም ወንበር ባገኝ ኖሮ እተኛ ነበር።

ከመሃላቸው አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ድሮ ጤፍ ያጭዱበት የነበረው መሬት ላይ አሁን የጀሞ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ እሳቸው ደግሞ በኤጀንሲ ተቀጥረው የሰው በር ይጠብቃሉ። ወረቀቱን አንብቤ ስጨርስ እጃቸውን አወጡ።

"ሲስተር፣ አባቱ የሚያጣጥርበትን ሰው ሲጋራህን አጥፋ በል ነው የምትይኝ?"

"ሕግ ነው፣ ጋሼ።"

"ሕጉስ ይሁን። ነውሩስ?"

ወረቀቱ ላይ ስለ ነውር የተጻፈ የለም። አትጣሉ፣ በትሕትና ወደ ውጭ ሸኙት አልኳቸው። አንዱ ሳቀና "እሺ ይልሻል፤ ከዚያ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ሲያጨስ ታገኚዋለሽ" አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም ስንቱን እዚያ አግኝቻለሁ።

"እንግዲያው የአስታማሚ ካርዱን ያዙ" አልኩ። ለአንድ በሽተኛ የሚሰጠው አንድ ካርድ ነው፤ ያለ እሱ ማንም ዋርድ አይገባም። "ውጭ አጭሶ በበሩ ሲመለስ መልሱለት።"

እዚያው ቆሜ የፈጠርኩት ነው። የትም መሥሪያ ቤት በር ላይ መታወቂያ ይያዝ የለ? ያንቀላፉት ሁሉ ነቁ፤ በመጨረሻ የሚጨበጥ ነገር ሰጠኋቸው። ጋሼ ትንሽ አሰቡና "ሰውየውን ከማስቀይመው ካርዱን ብቀበለው ይሻለኛል" አሉ።

ሐሳቡ ሠራ። በረንዳው ላይ ቁራጭ ሲጋራ ጠፋ፣ ጽዳቶቹ መረቁኝ፣ አለቃዬ እንዴት እንደሆነ ሳይጠይቅ በሰው ፊት አመሰገነኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ አባቱን የሚያስታምም አንድ ጎልማሳ ከአልጋው ራስጌ ቆሞ አደረና ንጋት ላይ በረንዳው ላይ ሲጋራ ለኮሰ። ጋሼ እንደተባሉት በትሕትና ሸኙት፤ ካርዱንም ተቀብለው የካፖርታቸው ደረት ኪስ ውስጥ ከተቱት። ሰውየው አጭሶ፣ ሻይ ቤት ገብቶ፣ አንድ ብርጭቆ እስኪጠጣ ድረስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፈረቃ ይቀየራል። ጋሼ ቆመው ያደሩ ሰው ናቸው፤ ካርዱን ረስተው ታክሲ ተሳፈሩ፣ ቤታቸው ገብተው ስልካቸውን አጥፍተው ተኙ። ስለ ፈረቃ ያሰበ አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩም።

ሰውየው ሲመለስ የቀኑ ተረኛ ጥበቃ ካርድ ጠየቀው።

"ሰጥቻለሁ።"

"ለማን?"

"ለሽማግሌው።"

ካርድ የሌለው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ጥበቃው አላስገባውም፤ ያለ ካርድ ማንንም እንዳታስገቡ ያልኩትም እኔው ነኝ።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል በዚያው በር ገባሁ። ሰውየው ነጭ ጋዋኔን አይቶ ተጠጋኝና "ሲስተር፣ አባቴ ብቻውን ነው፣ አስገቢኝ" አለኝ። ጆሮዬ ሰምቷል። "ካርድህን አሳያቸው" ብዬው አለፍኩ። ሰዓት ረፍዶብኝ ነበር።

በኋላ እንደሰማሁት፣ ያን ሰዓት አባትየው "ልጄን ጥሩልኝ" እያሉ ነበር። የዋርዱ ነርሶች ኮሪደሩን ፈለጉ፣ ጥሎ ሄዷል ብለው ተዉት። ሦስት ሰዓት ገደማ አረፉ። ልጁን ከበር ያስገቡት አስከሬን እንዲረከብ ነው።

ልጁ ከቀብር መልስ አቤቱታ ጻፈ፤ ስብሰባም ተጠራ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ካርድ እንዲያዝ ማን አዘዘ? ያዘዘ ከሌለ ጋሼ በራሳቸው ፈቃድ ያደረጉት ነውና ከሥራ ይባረራሉ። ያዘዘ ካለ ላዘዘው ሰው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍለታል። ለእኔ አንዲት ወረቀት፣ ለእሳቸው እንጀራቸው። ሌሎቹ ጥበቃዎች ቀድመው ተጠይቀው "ሥልጠናው ላይ አንቀላፍተን ነበር" ብለው ፈርመዋል። አልፈርድባቸውም፤ ለመናገር ወስኜ የገባሁት እኔ ምን አደረግሁ?

ጋሼ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ማን አዘዘዎት ሲባሉ እኔን አዩኝ።

"ማንም አላዘዘኝም። ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። ዓይናቸውን ግን ከእኔ ላይ አላነሱም።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። "ሲስተር፣ የምትጨምሪው አለ?"

"ወረቀቱ ላይ ካርድ ያዙ የሚል የለም" አልኩ። እውነት ነው፣ የለም። በዕድሜዬ ከዚህ የከፋ ውሸት ተናግሬ አላውቅም።

ዩኒፎርማቸውን አጥፈው ሲያስረክቡ በሩ ላይ ደረስኩባቸው።

"ጋሼ፣ ለምን እንዲያ አሉ?"

"እኛ ዘንድ ሽምግልና ላይ አንዱ 'ጥፋቱ የኔ ነው' ሲል፣ ሌላው 'የለም፣ የኔ ነው' ብሎ ይቀማዋል። ሰው የሚታረቀው እንዲያ ነው። እኔ የድርሻዬን አልኩ። ከዚያ አንቺን ጠበቅኩ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" ስላቸው "ቦታው እዚህ አልነበረም፣ ልጄ" አሉና የጀሞ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ገቡ። እኔም ሰልፉ እስኪንቀሳቀስ ቆሜ አየኋቸው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን የነቀዘ ዝምታ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ወደ ውስጥ ስመለስ የስብሰባው ክፍል በር ክፍት ነበር፤ ሰብሳቢው ብቻውን ቃለ ጉባኤውን ይጽፋል፣ ገና አልፈረመበትም። የበሩ ደፍ ላይ ቆምኩ። ቀና ብሎ አየኝ።

"ምነው ሲስተር?"

"ምንም። ደክሞኝ ነው" አልኩና ወደ ዋርዴ ሄድኩ።