ጦጣዋ ለማን እንደምትጮኽ ያወቀችው ድርቤ

ድርቤ አንገር ጉቲን ውስጥ የበቆሎ ማሳ መጠበቅ ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። የማሳው ዋነኛ ጠላት ጦጣ ነው። ዕለት ዕለት ስታባርራቸው ኖራ መንጋውን አንድ በአንድ ለየችው፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ የትኛዋ ከየትኛዋ ጋር እህትማማች እንደሆነች ሳይቀር።

አምና ማሂ የምትባል የባዮሎጂ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቷ ከነቀምቴ መጣች። ጦጣዎች ውሻ ሲያዩ አንዷ ትጮኻለች፤ ሌሎቹ ያመልጣሉ፣ የጮኸችው ግን ራሷን ታጋልጣለች። ማሂ ማን ለምን እንደሚጮኽ ለማወቅ የመንጋውን ትልቅ ወንድ ነበር የምትከታተለው።

ድርቤ ሦስት ቀን ካየቻት በኋላ፣ «ኢንታላ ኮ» አለቻት፣ ልጄ ማለቷ ነው። «ወንዱን ተይው። ያቺን ጆሮዋ የተቆረጠውን እያት። ልጇ ወይም እህቷ አጠገቧ ካሉ ትጮኻለች። ከሌሉ ድምጿን አጥፍታ ዛፍ ላይ ትወጣለች።»

ማሂ አልተዋጠላትም፤ ቢሆንም እንደ አዲስ ጀመረች። ሁለት ወር ሙሉ የጎረቤት ውሻ በገመድ ይዘው እያሳለፉ መዘገቡ። ድርቤ ያለችው ሆኖ ተገኘ።

«ዘመዶቿ ሲተርፉ የራሷም ደም ይተርፋል። ሳይንሱም የሚለው ይህንኑ ነው፣ አዴ ድርቤ» አለቻት ማሂ፣ እንደ እናት አክብራ እየጠራቻት።

ድርቤ የሟች እህቷን ሁለት ልጆች አሳድጋለች፤ ለእነሱ ስትል ትዳር አልያዘችም። «እሱ ይገባኛል» አለች። «ሦስተኛዋን ልጄን፣ ሆሳዕናን ግን፣ ሜዳ ላይ ተጥላ አግኝቼ ነው ያሳደግኳት። ደሜ አይደለችም። እንዲህ ያለውን ጦጣ ላይ አላየሁም።»

«ሰው ላይ ሲመጣማ እኛም ገና እየተከራከርን ነው» አለች ማሂ።

ጥናቱ ነቀምቴ ሲቀርብ ድርቤም ተጋበዘች። አንድ ፈታኝ መምህር መነጽሩን አውልቆ፣ «ዝምድናቸውን በምን አረጋገጣችሁ? የደም ምርመራ አለ?» ሲል ጠየቀ። ማሂ ወደ ድርቤ ዞረች።

ድርቤ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «አያታቸውን አውቃታለሁ» አለች። «ስታረግዝ አይቻለሁ፣ አዝላ ስትዞር አይቻለሁ።» ከዚያም የሦስት ትውልድ ዘር ከነመልካቸው ዘረዘረች። መምህሩ ብዕሩን አንሥቶ ይጽፍ ጀመር፤ ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎችም እንደዚያው። ስትጨርስ አዳራሹ አጨበጨበላት።

«ስምዎ ከአጥኚዋ ስም ጎን ይግባ» አለ መምህሩ። «ማን ብለን እንጻፍ?»

«ድርቤ ሞረዳ ዋቅወያ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ አንዱም ፊደል እንዳይቀርባት። «እስከ አያቴ ጻፉት።»