የእናቴ ቀሚስ ቀለም

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ሰሚራ ከአዲስ አበባ ጋምቤላ መጣች። ከአውሮፕላን ማረፊያው ተቀብዬ ቤት ሳስገባት፣ ከሻንጣዋ መጀመሪያ ያወጣችው ልብስ አልነበረም፤ በላስቲክ የታሸገ ወረቀት ነበር። ባለ አበባው ከባለ መስመሩ፣ ሮዙ ከግራጫው፣ ሁሉም እንዲስማማ ተደርጎ የተዘጋጀ። ማጣበቂያው፣ ሪባኑ፣ የፎቶ ጥግ የሚይዙት ትንንሽ ወረቀቶች ሳይቀሩ አብረው ታሽገዋል። የድሮ ፎቶዎችሽን አልበም ልሠራልሽ ነው አለችኝ። እያገላበጥኩ አየሁትና ቀለሙን ማን እንደመረጠው ጠየቅኋት። ፋብሪካው ነው አለች። ወይ ፋብሪካ! እኔ በልጅነቴ አንድ ወረቀት ከአንድ ፎቶ ጋር ላስማማ ብዬ ስንቱን ሰው እንዳላስቸገርኩ።

አባባ ወሎዬ ነው። ጋምቤላ ለንግድ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ሲሆን፣ ሱቁ ከባሮ ዳር ብዙም አይርቅም ነበር። ጣቃ ጨርቅ፣ ስኳር፣ ሻይ፣ ጨው ይሸጣል። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ከሱዳን መርከብ ይመጣል፤ ያኔ ሱቃችን አዲስ ጨርቅ፣ ሻይ ቅጠልና እርጥብ ጆንያ ይሸታል። እናቴ የሞተችው እኔ አራት ዓመት ሲሆነኝ ነው። አምስት ፎቶዎች ነበሩን። አራቱ የአባባና የዘመዶች ናቸው። አምስተኛው ላይ እናቴ ባለ ነጠብጣብ ቀሚስ ለብሳ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆማ፣ እኔን አራስ ልጇን አቅፋለች። ከመርከቡ ጋር የመጣ ፎቶ አንሺ ነው ያነሳት። እሷ ያለችበት ፎቶ ያ ብቻ ነበር፤ መልኳንም የማውቀው ከዚያ ነው።

እናቴ ስትሞት ታላቅ እህቷ እትዬ ሸምሲያ ልታሳድገኝ ከደሴ መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ሶላቷ ሰዓቱን የማያልፍ ሴት ነበረች። ፎቶው ለዓመታት አባባ በሚተኛበት በጓዳው ክፍል ተሰቅሎ ማንም ምንም አላለም። አሥር ዓመት ሲሆነኝ ግን ምስጥ የጓዳውን ግድግዳ በልቶ ጣለውና ሦስታችንም በአንድ ክፍል ተጠቃለልን። አባባ ፎቶውን አምጥቶ የሰቀለው፣ ሳያስበው፣ እትዬ ፊቷን አዙራ በምትሰግድበት ግድግዳ ላይ ሆነ። ሁለት ቀን እንዲሁ ሰገደች። በሦስተኛው ቀን አወረደችው፤ ሥዕል ያለበት ቤት መልአክ አይገባም አለች። ወደ ሌላ ግድግዳ እናዙረው ቢላት አባባ፣ አይሆንም አለች። ከረመዳን በፊት ወደ ወሎ የሚሄድ ነጋዴ ነበርና ደሴ ላለው ወንድሟ ልትልክለት ቆረጠች። አባባ ከሷ ጋር መከራከር አይወድም። አንገቱን አቀርቅሮ ወደ ሱቁ ወጣ።

እኔ ግን ዝም የምል ልጅ አልነበርኩም። ሰፈሩ "እምቢ ብላ የተወለደች" ይለኝ ነበር። ያኔ ደሴ የሄደ ነገር ተመልሶ የሚመጣ አይመስለኝም። ጃንሆይ ሱቃችን ውስጥ ተሰቅለው የለም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

"ሱቅ ውስጥ ማን ይሰግዳል?" አለችኝ።

ትንሽ አሰብኩና መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ቢዘጋስ አልኳት። መስገጃዋን እያጠፈች፣ ተዘግቶ ከተቀመጠ ምን ቸገረኝ አለች። አፌን ለማስያዝ ብላ ነው የተናገረችው። እኔ ግን እንደ ውል ያዝኩት። የሚዘጋ መጽሐፍ መሥራት አለብኝ፤ ለዚያውም እትዬ አይታ ልትጥለው የማትደፍረው። ነጋዴው የሚሄደው ከወር በኋላ ነው።

አልበም የሚባል ነገር አስተማሪያችን ቤት አንዴ አይቼ ነበር፤ ጥቁር ገጽ፣ በየጥጉ የተያዘ ፎቶ። ሱቁ ውስጥ ካርቶን ሞልቷል። ካርቶኑን ቆርጬ፣ የስኳር መጠቅለያ ሰማያዊ ወረቀት ለብጬበት፣ እንደ ማንኛውም ተማሪ ከዱቄት ሙጫ አፍልቼ ለጠፍኩ። እስኪደርቅ አልጋ ሥር ከተትኩት። ደግነቱ ፎቶዎቹን ገና አላስገባሁም ነበር። በሦስተኛው ቀን ሳወጣው ዱቄት የነካውን ቦታ ሁሉ በረሮ በልቶት ወንፊት ሆኗል። ጋምቤላ ተወልዶ ይህን የማያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። አባባ አየና ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብሎ ሳቀብኝ። ተናድጄ አለቀስኩ፤ ሳለቅስ ግን ሌላ ካርቶን እየቆረጥኩ ነው።

የክፍሌ ልጅ አሪየት የተበላውን አልበም አይታ እናቷ አጁሉ ዘንድ ወሰደችኝ። አጁሉ አኙዋክ ናት፤ ባሏ ሚሲዮኑ ክሊኒክ ይሠራል፣ እሷ ደጇ ላይ ተቀምጣ ዶቃ ትሰካለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔንም አሪየትንም "አንተ" ነው የምትለን። የኔ አኙዋክኛ ከዚያ የባሰ ስለነበር በደንብ እንግባባለን። የተበላውን ካርቶን አሽትታ፣ አንተ ለበረሮ ምሳ ሠራህ አለችኝ። ከዚያ የግራር ሙጫ በጣሳ ውኃ ዘፍዝፋ ሰጠችኝ። በየገጹ መሐል ተባይ የሚያርቀውን የኒም ቅጠል እንዳስገባም ነገረችኝ።

ከሙጫው የበለጠ የጠቀመኝ ግን የሥራዋ ዘዴ ነው። አጁሉ ዶቃ ክር ላይ ከማስገባቷ በፊት ሁሉንም ሰፌድ ላይ ትደረድራለች። ቀዩን ከነጩ፣ ሰማያዊውን ከጥቁሩ አጠገብ እያደረገች ታያለች፣ ትቀይራለች፣ ሰፌዱን ይዛ ፀሐይ ትወጣለች፣ ጥላ ትገባለች። ለምን ወዲያው አትሰኪውም ብላት፣ "ዶቃ ለብቻው አይታይም፤ ከጎረቤቱ ጋር ነው የሚታይ" አለችኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ለጨርቅም ለሰውም ሠርቶልኛል።

ከዚያ በኋላ ከተማው ውስጥ ወረቀት የሚባል አላመለጠኝም። ከሻይ ሳጥን ብርማውን ላጥኩ። ከጣቃ ላይ ወርቃማ ጽሑፍ ያለበትን ቀይ ምልክት በምራቄ እያራስኩ ነቀልኩ። አዲስ ሸሚዝ ውስጥ የሚገኘውን ነጭ ስስ ወረቀት አባባን ለምኜ ወሰድኩ። አሪየት ከሰንበት ትምህርቷ ጠርዙ አረንጓዴ የሆነ፣ በጣም የሚያምር ካርድ አመጣችልኝ፤ መሐሉ ላይ ግን በግ ተስሎበታል። መልአክ ለማስገባት የሚሠራ መጽሐፍ ላይ በግ ባስቀምጥ እትዬ ምን እንደምትለኝ ነግሬያት ሁለታችንም መሬት ላይ እስክንወድቅ ሳቅን። ጠርዙን ቆርጠን በጉን መለሰችው።

ሁሉንም ሰፌድ ላይ ደርድሬ፣ እያንዳንዱን ፎቶ ከእያንዳንዱ ወረቀት አጠገብ አደረግሁ። የአባባ ፎቶ ከቡናማው መጠቅለያ ጋር ተስማማ። አጎቶቼ በሰማያዊው አማረባቸው። እናቴ ግን በምንም አልስማማ አለች። ሰማያዊው ላይ ሳደርጋት የታመመች መሰለች፤ ብርማው ላይ ሌላ ሴት ሆነች፤ ቀዩ ፊቷን ዋጠው። ለሦስት ቀን ሰፌዱን ይዤ ፀሐይና ጥላ ስመላለስ አጁሉ ታዝባኝ ኖሮ፣ ልብሱ ምን ቀለም ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ፎቶውን ዳግም አየሁት። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀሚሱ ግራጫ ነው፤ ግራጫ ቀሚስ የሚለብስ አራስ ደግሞ የለም። በየቀኑ የማያት እናቴ ምን ቀለም እንደለበሰች አላውቅም ነበር። ያን ቀን እናት እንደሌለኝ አዲስ የተነገረኝ ያህል ነው የከፋኝ።

ሮጬ አባባ ዘንድ ሄድኩ። አባባ የሸጠውን ጣቃ ሁሉ በስሙ የሚጠራ ነጋዴ ነው፤ ማን ምን ዓይነት ጨርቅ መቼ እንደገዛ ይነግርሃል። ፎቶውን ወደ ብርሃን ይዞ አየው። አረንጓዴ መሰለኝ አለ። ቆይቶ፣ ወይም ሰማያዊ፣ አለ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ፣ እንዴት እረሳዋለሁ አለና ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ለምን ጠየቅኩት ብዬ ተጸጸትኩ። ከሱቁ በረንዳ የሚሰፋውን ልብስ ሰፊ ስጠይቀው ቢጫ ነው ብሎ ማለልኝ፤ በማግስቱ ደግሞ ቀይ ነው ብሎ ማለ።

ነጋዴው ሐሙስ ጠዋት ሊሄድ ነው። ማክሰኞ መጽሐፌ ከአንድ ገጽ በስተቀር አለቀ። ያልጠየቅሁት ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ፎቶውን ልታስወጣ የተነሳችው እትዬ ሸምሲያ። ከቀትር ሶላት በኋላ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ሄድኩና መጽሐፉን ፊቷ አስቀመጥኩት። ተዘግቶ ከተቀመጠ ምን ቸገረኝ ብለሽ ነበር አልኳት። ገልጣ አየችው። የመርፌ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች፣ የኒሙን ቅጠል አሸተተች። ባዶው ገጽ ላይ ስትደርስ ለምን ባዶ ሆነ አለችኝ። የቀሚሱን ቀለም የሚያውቅ ሰው አጥቼ ነው አልኳት።

እትዬ መጽሐፉን ወደ ጎን አደረገች። ከዚያ ፎቶውን ከእጄ ተቀበለች፤ ካወረደችው ወዲህ ስትነካው ያየኋት ያኔ ነው።

"ያን ጨርቅ የላክሁላት እኔ ነኝ" አለችኝ። "አንቺን ስትወልድ፣ ለአራስነቷ። ለብሳው ያየኋት እዚህ ላይ ብቻ ነው። ስሰግድ ዓይኗ ያርፍብኛል፤ አላህ ፊት ቆሜ እሷን አለቅሳለሁ። ሶላቴ ሶላት አልሆን አለኝ፣ ልጄ።"

መልአክ አይገባም ስትል ውሸት አልነበረም። ሌላውን ግማሹን ነው የደበቀችኝ። እኔ ደግሞ ወር ሙሉ እናቴን የምትጠላት ሴት መስላኝ ስሸሻት ከረምኩ። ጉያዋ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ጀርባዬን እየመታች አብሽሪ፣ አብሽሪ አለችኝ፤ የሷም እንባ ጸጉሬ ላይ ይወርድ ነበር።

ቀለሙ ሂና ነው አለችኝ። ወዲያው እንደታጠበ ሳይሆን ሦስት ቀን ያደረ፣ እጅ ላይ ሊለቅ የጀመረ ሂና፤ ነጠብጣቡ ነጭ። እንዲህ ያለ ወረቀት ሱቃችን ውስጥ የለም ብያት ሳልጨርስ ተነሥታ ከሣጥኗ ለዒድ ያስቀመጠችውን ሂና አወጣች። በጠበጠችው፣ አጠለለችው፣ በጥጥ እየነከረች የሸሚዙን ነጭ ወረቀት ቀባችው። ፀሐይ ላይ ሲደርቅ አይታ፣ ይሄ የአንደኛ ቀን ነው፣ በጣም ደምቋል አለች። ውኃ ጨመረች። ሁለተኛውንም ጣለችው። ሦስተኛው ሲቀደድ ተናድዳ አራተኛ አመጣች። አባባ አንድ ገጽ ባዶ ቢቀር ምናለ ቢል፣ ሂድ ሱቅህ ውስጥ እቃ እያስተካከልክ ቆይ ብላ መለሰችው። ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩ ያን ቀን ገባኝ።

አምስተኛው ወረቀት ደርቆ ፎቶው አጠገቡ ሲቀመጥ እናቴ ተመለሰች። ሌላ የምለው የለኝም። ፊቷ በራ፣ ቀሚሷ ግራጫ መሆኑ ቀረ። አባባ ከሱቁ ተጠርቶ መጣ። እጁን በሱሪው ጠርጎ ወረቀቱን ልክ ጨርቅ እንደሚያይ በሁለት ጣቱ ዳሰሰው።

"ይኼ ነው" አለ። "ይኸው ነው።"

ሐሙስ ጠዋት ነጋዴው የሚላክ ነገር አለ ወይ ብሎ ሲመጣ፣ እትዬ ለወንድሟ ሚስት የተረፈውን ሂና ላከች። መጽሐፉ ሣጥኗ ውስጥ ገባ። ስትሰግድ ይዘጋል፤ ሰግዳ ስትጨርስ አንዳንድ ቀን ታወጣዋለች፣ ገልጣ አይታ፣ አላህ ይርሃማት ብላ መልሳ ትዘጋዋለች።

አሁን ሁሉም አልፈዋል። መርከቡም የለም፣ የአባባ ሱቅ የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ተሠርቷል። አጁሉ ከሞተች ብዙ ዘመኗ ነው፤ አሪየትና እኔ ብቻ ስንገናኝ በጉን እያነሳን እንስቃለን። ሰሚራ ስልክ ውስጥ ያለው ፎቶ ደግሞ በሺህ ነው፤ ሁሉም በቀለም። ማን ምን እንደለበሰ የሚጠይቅ የለም፣ ደግሞም መጠየቅ አያስፈልግም። አልቀናም ብል ዋሸሁ። ግን ልጆቹ የሚሹትን ሳይለፉበት ስለሚያገኙት፣ ያገኙትን እንደኔ የሚሳሱለት አይመስለኝም።

ያን መጽሐፍ አውጥቼ የእናቴን ገጽ ስገልጥላት ሰሚራ ፎቶውን በስልኳ አነሳችው። ስልኩ የድሮ ፎቶን ቀለም ያለብሳል አለችኝ፤ ትንሽ ነካክታ አሳየችኝ። ማንጎው አረንጓዴ ሆኗል፣ የእናቴ ፊት ጠይም ሆኗል፣ ቀሚሷ ሰማያዊ። አያቴ እዪ፣ ታምራለች አለች። ታምራለች፣ እውነቷን ነው። ግን ልቤ ደነገጠ። ያን ጨርቅ የላከችው፣ የለበሰችው፣ ይኸው ነው ያለው ባሏ ሁሉም ከመሬት በታች ናቸው። ቀለሙን የሚያውቅ በምድር ላይ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። እኔ ነገ ብሞት እናቴ ለዘለዓለም ሰማያዊ ለብሳ ልትቀር ነው።

አይደለም፣ ሰማያዊ አይደለም አልኳት። የፋብሪካውን ወረቀት ሰብስቤ ወደ ጎን አደረግኩና ለአዲሱ አልበም ገጽ ልንቀባ ከጓዳ ሂናውን፣ ነጭ ስስ ወረቀት፣ ሰፌዱንና ጥጥ እንድታመጣ አዘዝኳት። የመጀመሪያው በጣም ደመቀ። ሁለተኛውን እሷ ራሷ ይቅር አለች። አራተኛው ሲደርቅ ይዛው ፀሐይ ወጣች፣ ጥላ ገባች፣ ከፎቶው አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ሰማያዊውን ፎቶ አጠፋችው። አሁን የሚያውቅ ሰው ሁለት ሆነናል።