ስም አጥፊዋ

በመሥሪያ ቤቱ «ስም አጥፊዋ» ይሏታል። ለቀልድ ነው እንጂ ሰው አምታ አታውቅም፤ ድምፅዋ ራሱ የሚሰማው ስታስነጥስ ነው። ሥራዋ ግን ስም ማጥፋት ነው። የጤና ቢሮው የሕሙማንን መረጃ ለአጥኚዎች መክፈት ከጀመረ ወዲህ፣ ፋይሎቹን ኮምፒውተሯ ላይ እየከፈተች ስሙን፣ ስልኩን፣ የቤት ቁጥሩን ታጠፋለች። የቀረውን አጥኚዎቹ ስልካቸውን በር ላይ አስረክበው፣ መስኮት በሌላት ክፍል ተቀምጠው ያነቡታል።

«ዛሬ የስንቱን ስም አጠፋሽ?» ይላታል አጠገቧ የሚቀመጠው ጸሐፊ።

«ያንተ ተራ ገና ነው» ትለዋለች አንገቷን ደፍታ።

ሥራዋን ትወደው ነበር። እናቷ ዓመታት ተሰቃይታ ስትሞት ሕመሟ ምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ያ ሁሉ ፋይል አቧራ ከሚጠጣ ይነበብ ባይ ነበረች።

የመጀመሪያው ጥናት ስለ ሥራና የአእምሮ ሕመም ነበር። የሥራውን ዓይነትና ሰፈሩንም ልታጠፋ ስትል አጥኚዋ ተማጸነቻት። «እህቴ፣ እሱን ካጠፋሽብኝ ምኑን ላጠና?» እውነቷን ነው ብላ ተወችው። ዓይኗ የሚፈልገው ስም እንጂ ሰው አልነበረም።

ጥናቱ ሲወጣ ሬዲዮ ተቀባበለው። «ከገበያው ጀርባ ካለው ሰፈር አንዲት ሰዓት ሠሪ ሴት፣ በተደጋጋሚ ሆስፒታል ተኝታ…» ሲል ክው ብላ ቀረች። በሰፈሯ ሰዓት የሚሠሩ ሴት አንድ ናቸው፤ በልጅነቷ እናቷ ሐኪም ቤት ስትውል ሱቃቸው ውስጥ ያስቀምጧት የነበሩት።

የእናቷን ሰዓት ይዛ ሄደች። የሰው ሰዓት ይሞላው የነበረው መሳቢያ ባዶውን ተከፍቷል።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?»

«አለሁ ልጄ። አንቺም ሰዓትሽን ልትወስጂ ነው?»

«ኧረ ላሠራ ነው።»

ሴትዮዋ ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። «እብድ የሠራው ሰዓት ያሳብዳል ይላሉ አሉ» አሉና ሊያስቋት ሞከሩ። አልሳቀችም። «እኔ ያልገባኝ ማን እንደነገራቸው ነው። ልጆቼ እንኳ አያውቁም ነበር።»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ፋይሉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ስምዎን ግን አጥፍቼ ነበር፤ እውነቴን ነው።»

ሰዓቱን ከጆሯቸው አወረዱት።

«ስሜንማ አጠፋሽው» አሉ።

ቁጣ የለበትም፤ ሰዓት ስንት ነው ተብለው የመለሱ ይመስላል።

«በጥናቱ ምክንያት ለሰፈሩ ሐኪም ሊመድቡ ነው…»

«ይመድቡ። ለሌላው ይሆናል።» ሰዓቱን ሳይከፍቱ መለሱላት። «ሌላ ዘንድ አሠሪው፣ የኔ ልጅ።»

በማግስቱ ወሬውን የሰሙት አለቃዋ የአጥኚዎቹ ክፍል ትዘጋ አሉ። ከየት እንዳመጣችው በማታውቀው ድፍረት ተከራከረቻቸው፤ ክፍሏ እንዳትዘጋ ፋይሎቹን እንደገና ልትሠራ ተስማማች። «ሰዓት ሠሪ» የሚለውን «የእጅ ሙያ» አደረገችው፤ ሰፈሩን ከሌሎች ሰፈሮች ጋር ቀላቀለችው። አጥኚዋ አኮረፈች። ሰዎቹን ግን አሁን አንድ በአንድ ታያቸው ጀመር።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስታልፍ ሱቁ በር ላይ «ይከራያል» የሚል ተለጥፎ አየች።

«እህ፣ ዛሬስ የስንቱን ስም አጠፋሽ?» አላት ጸሐፊው ገና ሳትቀመጥ።

«የአንዷን» አለችው።

ቀልድ መስሎት ሳቀ።