እናቴ የማትጠራው ስም

እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከቤት ወጥታ አታውቅም። የምንኖረው ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ቸርች ከቀረች ወራት አልፈዋል። እሁድ እሁድ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ወጪ ወራጁን ትመለከትና «ዛሬ ደግሞ ብዙ ሰው አየሁ» ትለኛለች። 

ለዚህ ነው ሀና ማርያም በኩል ግራውንድ ላይ ያለ ቤት እንደሚሸጥ ስሰማ በደስታ የዘለልኩት። በሩ በቀጥታ ወደ ግቢው ይከፈታል፤ በክራንቿ ሁለት እርምጃ ከሄደች ፀሐይ ላይ ናት። የእኛን ሸጬ ያንን ለመግዛት ግን፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤታችን በእሷ ስም ስለሆነ፣ ውክልና ልትሰጠኝ ያስፈልጋል። ሻጩ «እስከ ዓርብ ካልሆነ ሌላ ገዢ አለኝ» ብሎኛል። እሷን አሸክሜ አውርጄ ወረፋ ላይ ማስቀመጥ የማይታሰብ ነው። «አሁን እኮ በቪዲዮም ይሠራል» ያለችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት።

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው። የውክልናው ቃል በኦንላይን ይሞላል፣ የመታወቂያ ቁጥር ይገባል፣ ቀጠሮ ይያዛል። ሰዓቱ ሲደርስ ሰነድ አረጋጋጩ ስልኩ ላይ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ስልኩን አዙረው ክፍሉን እንዲያሳዩት ይጠይቃል፤ ውክልና የሚሰጠው ሰው ብቻውን መሆን አለበት፣ አጠገቡ ሆኖ የሚያስፈራራው ወይም የሚያስጠናው እንዳይኖር። ፊቱን ከመታወቂያው ፎቶ ጋር ያመሳክራል፣ ሰነዱን ያነብለታል፣ በፈቃዱ መሆኑን ይጠይቀዋል፤ ሁሉም ይቀረጻል። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ላይ በጣት ይፈረማል፤ ማኅተም ያረፈበት ሰነድ እዚያው ስልክ ላይ ይላካል።

በቀጠሮው ቀን ስልኩን የስኳር ጣሳው ላይ አስደግፌላት ወጣሁና በሩን ዘግቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ሰነድ አረጋጋጩ ድምፁ ለስለስ ያለ ወጣት ነው።

«እናቴ፣ ፊትዎን እንዳመሳክር ዓይንዎን ይግለጡልኝ» ሲል ሰማሁት።

«ቆይ ልጄ፣ ጸሎት ላይ ነኝ» አለችው።

አሜን እስክትል ጠበቃት። ሰነዱን አነበበላት፤ በፈቃዷ እንደሆነ ነገረችው። ከዚያ «ውክልናውን የሚሰጡት ለማን ነው? ሙሉ ስሟን ከነአያቷ በራስዎ አንደበት ይንገሩኝ» አላት። የእኔን ስም ጠራች። የአባቴን ጠራች። ከዚያ ዝም አለች።

ወይኔ! ነገሩ ጠፍቶኝ አይደለም፤ አብሮኝ ስላደገ ነው ያላሰብኩት። እናቴ ዱራሜ አጠገብ ያለ ገጠር ነው ተወልዳ ያደገችው። በአገሯ ወግ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ ሳይሆን አጀማመሩ ከስሙ ጋር የሚመሳሰለውን ቃል ሁሉ ትሸሸዋለች፤ እኛ ቤት ማንኪያ «የሾርባው» ነው የሚባለው። ፓስተሯ አንድ ቀን ይሄ ነገር የግድ እንዳልሆነ ቢነግራት «እሺ» አለችው፤ በዚያው ቀጠለች። የእኔ ሙሉ ስም ሲጠራ ደግሞ ሦስተኛው የአያቴ ነው።

«የባለቤቴ አባት ናቸው» አለች።

«ስማቸውን፣ እናቴ።»

«ትልቁ ሰው ነው የምንላቸው።»

ወጣቱ «እናቴ፣ የሚያስፈራዎት ነገር አለ? አጠገብዎ ሰው አለ?» አላት።

እናቴ ውሸት አይሆንላትም። «ልጄ በሩ ጋ ናት» አለችው።

በቃ፣ ተበላሸ። ጥርጣሬ ስላደረበት እንደማይቀጥል በትሕትና ነግሯት ለማግስቱ ቀጠሮ ሰጣት። አልፈርድበትም፤ የገዛ ልጇን ስም መጨረስ ያቃታት እናት ባይ እኔም ተገዳ ነው እል ነበር።

እኔ ግን ንዴቴ ጣራ ነካ። «ሰውየው ከሞቱ ስንት ዘመናቸው እማ! ለአንድ ስም ብለሽ ዕድሜሽን በረንዳ ላይ ልትጨርሺው ነው?» አልኳት።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «ፈርቼ መሰለሽ?» አለችኝ። «አግብቼ ልጅ ሳልወልድ ብዙ ዓመት ተቀመጥኩ። ዘመድ ሁሉ አባትሽን ሌላ አግባ አለው። እሳቸው ብቻ ናቸው ‹ወለደችም አልወለደችም ልጄ ናት፣ ከዚህ ቤት አትወጣም› ያሉት። አንቺን ሳያዩ ሞቱ። አልጦርኳቸው፣ አንድ ጋቢ አላለበስኳቸው። ያለኝ ስማቸውን አለመጥራት ብቻ ነው።»

ይህን ሁሉ ዘመን ፍርሃት ነው ብዬ ሳሾፍበት የኖርኩት ነገር ፍቅር ኖሯል። «ቤቱ ይቅር እማ፣ ሌላ እንፈልጋለን» አልኳት። በአቅማችን ሌላ እንደማናገኝ እኔም እሷም እናውቅ ነበር።

በማግስቱ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ነጠላዋን አስተካክላ «ስልኩን አቁሚልኝና ውጪ» አለችኝ። ወጣሁ። ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ «ትናንት ዝም ያልኩት ሰው አስገድዶኝ አይደለም፣ ልጄ። በእኛ ወግ የባል አባት ስም አይጠራም፤ ከብዶኝ ነው» አለችው።

«ገባኝ እናቴ። ጊዜ ይውሰዱ» አላት።

የእኔን ስም ጠራች። የአባቴን ጠራች። ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ የአያቴን ስም ጠራችው፤ ለባለሥልጣን እንደሚነገር ስም ሳይሆን፣ የትልቅ ሰው በር አንኳኩቶ ለመግባት እንደሚያስፈቅድ ሰው፣ በቀስታ። ትምህርት ቤት ያስመዘገበኝ አባቴ ነበር፤ በሽሮ ሜዳ ቀሚስ ስዳርም ስሜን ያስጻፈው እሱ ነው። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ ሙሉ ስሜን ከእናቴ አፍ ስሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ፈርማ ስትጨርስ ጠራችኝ። ማኅተም ያለበት ሰነድ ስልኩ ላይ ደርሷል፤ ቤቱ ተረፈ ማለት ነው። እሷ ግን ስልኩን አላየችውም። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና እኔን እኔን ታያለች።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

በራችን ስስ ነው፣ ማስነጠስ እንኳ ያሳልፋል።

«ኧረ ምንም አልሰማሁም እማ» አልኳት።

የቀላውን ዓይኔን ትክ ብላ አየችውና «ተባረኪ» አለችኝ።