ከበርበሬው ጋር ያደሩት ጥይቶች

እኔ ድመት ካስነጠሳት የምደነግጥ ሴት ነኝ። በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላት ልጄ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኡንተርሊደርባህ የሚባል ሰፈር ያለ የኢላማ ተኩስ ክበብ፣ ፌራይን የሚሉት ውስጥ ስትገባ ጸሎቴ አንድ ብቻ ሆነ፦ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ጠመንጃ አስጥላት።» በኪራይ አዳራሽ አብረውኝ ለሚያመልኩት እንኳ አፍሬ አልነገርኩም።

ይባስ ብላ ፈቃድ አውጥታ፣ ባዶ ቀለህ በባሩድ እየሞላች ጥይቱን ራሷ መሥራት ጀመረች። ያስተማሯት የፌራይኑ ሽማግሌ ናቸው። ባሩዱን አንዴ አሳየችኝ፤ ድቡልቡል፣ ጥቁር ጤፍ የመሰለ። ያየሁት ከሩቅ ነው፣ የበሩን እጀታ ይዤ።

ጥር ነበር። የውድድር ቡድኑ አባላት የሚመረጡበት ቀን ዋዜማ፣ ኒድ ሰፈር ባለው ቤታችን ኮሪደር ላይ ቦርሳዋን ከነጥይት ሳጥኑ ሃይትሱንጉ፣ የቤት ማሞቂያው ሥር አየሁት። ባሩድ ከሙቀት አጠገብ! አራተኛ ክፍል ያልጨረሰው ጭንቅላቴ ወዲያው መላ አገኘ። እኛ ቤት እንዳይበላሽ የሚፈለግ ነገር ሁሉ ፍሪዘር ይገባል፤ በርበሬው እዚያ፣ ሽሮው እዚያ። ሳጥኑን በሁለት ጣቴ ይዤ በርበሬው መሀል ሸጎጥኩት። ጠዋት ሳትነሳ ወደ ቦርሳዋ መለስኩና ራሴን አመሰገንኩ።

ፌራይኑ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። በመጀመሪያው ዙር አምስት ተኮሰች። ሁሉም ከመሃሉ ዝቅ ብለው፣ እንደተበተነ ባቄላ እዚህም እዚያም አረፉ። ፊቷ አመድ መሰለ።

«በቃ፣ አልችልበትም» አለች።

ጸሎቴ ተሰማ ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ወደ እሷ ሄድኩ።

ሽማግሌው አንድ ጥይት አንስተው ጨበጡ፤ አሸተቱ፤ አስነጠሳቸው።

«ይሄ በረዶ ነው። የት ነው ያደረው?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «ማማ?»

«ከበርበሬው ጋር» አልኩ።

ጥርሷን ነክሳ የሳቸውን ቃል ተረጎመችልኝ፦ ይህ ድቡልቡል ባሩድ ሙቀትና ብርድ ቶሎ ይሰማዋል፤ ሲቀዘቅዝ ጉልበቱ ይደክማል። እሷ የባሩዱን ልክ ያወጣችው እዚህ በጋ በሆነው በሐምሌ ሙቀት ነው።

«ሁለተኛው ዙር አንድ ሰዓት ይቀረዋል» አሉ ሽማግሌው። ይህን ስሰማ ሳጥኑን አፈፍ አድርጌ ወደ ፌራይኑ ሃይትሱንግ ሮጥኩ። ሁለቱም ጮሁብኝ። ለካ ሲግል ደግሞ ጉልበቱ ከልክ ያልፋል! እሺ ብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«ማማ፣ ቢተ፣ እባክሽ! ጭንሽም ይሞቃል! ጠረጴዛ ላይ!»

ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ ፈርቼ በሁለት ጣት የያዝኩትን ሳጥን አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ አራስ ልጅ ጠበቅሁት። ጌታንም የቀድሞውን ጸሎቴን እንዲተውልኝ ለመንኩ። «ትምታ፣ እባክህ ትምታ።»

መታች። አምስቱን ቀዳዳ አውራ ጣቴ ሸፈናቸው። ቡድኑ ውስጥ ገባች፤ እኔም ከእንግዲህ በየውድድሩ ልሸበር ነው።

ያን ሰሞን ኮሪደሩ ላይ ቴርሞሜትር ሰቀልኩ። ቆሜ ሳነብ ባየችኝ ቁጥር፣ «ማማ፣ ጥይቱ እኮ እዚህ የለም፣ ካዝና ውስጥ ነው» ትለኛለች።

አውቃለሁ። ግን ሃያ ዲግሪ መሆኑን ሳላይ ከቤት አልወጣም።