ከቀኝ የመጣው ኳስ

ላይል ቮንድራ ጎረቤቴ ነው። ነብራስካ ውስጥ እንደኛ ባለች ትንሽ ከተማ የሰው ኑሮ ከሰው አይሰወርም፤ የላይል ኑሮ ደግሞ ጭራሽ የአደባባይ ነው። የኮሌጃችንን ኳስ ቡድን የማጥቃት ክፍል የሚያሠለጥነው እሱ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ቡድኑ ነጥብ ሳያገባ ከዋለ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ መልስ የሚጠየቀው እሱ ነው። ኳስ ስል ሞላላውን፣ በእጅ የሚወረወረውን ማለቴ ነው። እኛ ዘንድ ሌላ ኳስ የለም።

ላይል በወጣትነቱ እዚሁ ኮሌጅ የፊት መስመር ተጫዋች ነበር። ሥራው ኳስ ወርዋሪውን ከሚመጣበት ሁሉ በደረቱ መከለል ነው፤ ማንም ስሙን የማይጠራው ሥራ። ስሙ የሚጠራው ታናሽ ወንድሙ ጂን ነበር። ጂን ኳስ ይዞ የሚሮጥ፣ ራሱን ተመትቶ ቢወድቅ እንኳ ብድግ ብሎ የሚገባ ልጅ ነበር፤ ያኔ ይሄ ጀግንነት ይባል ነበር። ዛሬ ጂን የልጆቹ ስም ይጠፋበታል። ላይል እሑድ እሑድ ቁርስ ይጋብዘዋል፤ ሥጋውን ቆራርጦ ይሰጠዋል፤ ያንኑ ወሬ ደጋግሞ ሲያወራው ላይል ሁሌም እንደ አዲስ ይሰማዋል።

ባለፈው መኸር ከገጠምናቸው ቡድኖች ሁሉ ያነሰ ነጥብ ያገባው የኛ ቡድን ነበር። በረዶው ሳይቀልጥ ዋናው አሠልጣኝ ላይልን ቢሮ ጠርቶ፣ «ዘንድሮ ማጥቃታችን ካልተሻሻለ እኔም ላተርፍህ አልችልም» አለው። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ እሱንም ከበላዩ የሚጠይቁት አሉ።

ተስፋ ግን ነበረን። ቴት ኦሊንገር ይባላል፤ የከብት አርቢ ልጅ፣ ዘለግ ያለ፣ ሲወረውር ኳሱ ከእጁ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ የሚወጣ። ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ ገብቶ ሲጫወት ያየው ሰው ሁሉ ክረምቱንም በጋውንም የእሱን ወሬ ሲያወራ ከረመ። ቁርስ ቤት ውስጥ ኦርቪል፣ የድሮው የእህል ጎተራ ኃላፊ፣ ላይልን ባየው ቁጥር ይነካካው ነበር።

«ያን የመሰለ ልጅ እያለህ ነጥብ ማግባት ካቃተህ፣ ኳሱን ትተህ ላሞቼን ጠብቅ።»

«ላሞችህስ ይሰሙኛል?»

«ካምና ሯጮችህ ይሻላሉ።»

ነሐሴ ላይ ልምምድ ተጀመረ። ሙቀቱ ሳሩን ያቃጥላል። ላይል አንድ ነገር ከነከነው። ቴት ወደ ግራ ሲወረውር ኳሱ ሰው ደረት ላይ ያርፋል፤ ወደ ቀኝ ሲሆን ግን ብቻውን የቆመ ጓደኛውን ስቶ ያልፋል። ደግሞ በቀኙ የሚመጣበትን ተጫዋች ልብ የሚለው እላዩ ላይ ሲደርስ ነው። ሌሎቹ አሠልጣኞች «ገና አልሞቀም፣ ይስተካከላል» አሉ። ላይል ግን ዓይኑን ከልጁ አልነቀለም።

አንድ ቀን ልምምዱ ሲያበቃ ቴት ከውኃው በርሜል አጠገብ ቆሞ ይጠጣል። ላይል በቀኙ በኩል ቀረብ አለና ምንም ሳይል ኳሱን ቀስ አድርጎ ወረወረለት። ሕፃን የሚቀልበው ኳስ ነው። ትከሻውን መታውና ወደቀ። ልጁ ውኃውን ደረቱ ላይ ደፍቶ ዘለለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለው ላይል።

«ምኑ?»

«ቴት፣ አትደብቀኝ።»

ልጁ አቀረቀረ። «ከኅዳር። ያኔ በጨዋታ ላይ ራሴን ከተመታሁ ወዲህ። መጀመሪያ ዝንብ ዝንብ የሚያህል ነገር ነበር የሚታየኝ። አሁን ቀኝ ዓይኔ ጥጉ ላይ ጥላ አለው፤ መጋረጃ ነገር።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። ኮች፣ እባክዎ አይናገሩብኝ። አንገቴን ጠምዘዝ ካደረግኩ እኮ አያለሁ። ደሞስ ያለኔ ማን አለዎት?»

ላይል ይህን ሲያጫውተኝ፣ «እውነቱን ነበር፤ ማንም አልነበረኝም» አለኝ። «ከመኸሩ በኋላ ሥራ እንደማይኖረኝም ታየኝ። ግን ደግሞ ጂን ፊቴ ድቅን አለ፣ እንቁላሉን በሹካ ሲያሳድድ።»

ለልጁ ያለው ይህን ብቻ ነው፦ «ጫማህን ቀይር፣ እንሄዳለን።»

በራሱ ፒክአፕ ጭኖት ወደ ትልቁ ከተማ ነዳ። መንገድ ላይ ለእናትየው፣ ለካርላ፣ ደወለ። እዚያ የዓይን ሐኪሟ ልጁን ብዙ አላቆዩትም። ከዓይኑ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ተቀዶ እየተላቀቀ ነው አሉ፤ ነገ ጠዋት በቀዶ ጥገና ይጠገናል፣ ዘንድሮ ኳስ የለም።

«ዓይኑስ?» አለ ላይል።

«ይተርፋል ብዬ አስባለሁ። አንድ ኃይለኛ ምት አግኝቶት ቢመጣ ኖሮ ግን ይህን አልልዎትም ነበር።»

ላይል ወጥቶ ኮሪደር ላይ ተቀመጠ። ካርላ የበረት ጭቃ ያልለቀቀው ቦቲ እንዳደረገች ደረሰች። ትጮህብኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ «ለኔ ለናቱ ለምን አልነገረኝም?» አለችው።

«ለኔም አልነገረኝም። አወራወሩ ነው ያሳበቀበት።»

በማግስቱ ቀዶ ጥገናው ደህና አለፈ። ቴት ግን ሽፋኑ ቦታው ላይ እንዲጣበቅ ለተወሰኑ ቀናት በሆዱ ተኝቶ ፊቱን ወደ ታች እንዲያደርግ ታዘዘ፤ እናም ሊጠይቀው ከመጣ ሰው ጋር ሲያወራ የሚያየው ወለሉን ብቻ ነበር።

«ኮች፣ ጫማዎን አወቅኩት። ተቆጥተውኛል?»

«ተቆጥቻለሁ። ስትድን ነው የምቆጣህ።»

ልጁም፣ «ትላንት ጥሩ እንቅልፍ ወሰደኝ» አለ። «ከኅዳር ወዲህ እንደዚህ ተኝቼ አላውቅም። በየቀኑ ዛሬስ እታወር ይሆን እያልኩ ነበር የምነሳው።»

ላይል የትራሱን ጨርቅ አስተካከለለትና ወጣ።

ከተማው አኮረፈ። «ወርዋሪያችንን ይዞ ሄዶ ለሐኪም አስረከበው» የሚሉ ነበሩ፤ ትንሽ ቢታገሥ ምን ነበረበት ያሉም አልጠፉም። ዋናው አሠልጣኝ ግን ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ ፊቱን በሁለት እጁ አሻሽቶ፣ «ደግ አድርገሃል። እና በምን ልናጠቃ ነው?» አለ።

«ኳሱን ይዘን በመሮጥ» አለው ላይል።

የቀረው ተጠባባቂ ወርዋሪ ዌስ ክራትኪ አጭር፣ ደልደል ያለ ልጅ ነው፤ ሲወረውር ኳሱ ሩቅ አይሄድም። ግን የያዘውን አይጥልም፣ ቢጎትቱትም ቶሎ አይወድቅም። የፊት መስመሩ ልጆች ደግሞ እንደ በሬ የጠነከሩ ናቸው። ላይል ለቴት ያዘጋጀውን ሁሉ ወደ ጎን አድርጎ፣ ኳሱን አቅፎ እየገፉ መሄድን ያስተምራቸው ጀመር፤ እሱ ራሱ በወጣትነቱ የተጫወተውን፣ ዛሬ ሰው ያረጀ የሚለውን አጨዋወት።

የመጀመሪያው ጨዋታ ደረሰ። እስከ እረፍት ድረስ ምንም ነገር የለም። ትንሽ ይገፋሉ፣ ይቆማሉ። ከኋላዬ አንዱ «ይሄ ኳስ ነው እርሻ?» አለ። ከእረፍት በኋላ ግን ተጋጣሚዎቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ማለክለክ ጀመሩ። ጥቁር መነጽር ያደረገው ቴት ከዳር ቆሞ፣ «በግራ ደክመዋል፣ በግራ» እያለ ይናገራል። ዌስ ግራውን ይዞ ገባ። ሁለት ሰው አንገቱ ላይ ተንጠልጥለው እሱ ይሄዳል፤ እንደተንጠለጠሉ ነጥብ የሚቆጠርበትን መስመር አለፈ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ደገመው። አሸነፍን።

ዋንጫ እንደማናመጣ ላይልም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ከኋላ ከቀረን ርቆ የሚወረውር ሰው የለንም፤ በደንብ የሚከላከል ቡድን ሲገጥመን እንቸገራለን። ነጥብ ማግባት ግን እንችላለን፤ ያ ደግሞ አምና የጠፋው ነገር ነው።

ጨዋታው አልቆ ሰው ሲበተን ካርላ መኪናዋ ኋላ ላይ ፕለም የገባበት ኮላቼ የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ ዘርግታ ላለፈ ላገደመው ታድላለች። ላይል ቆሞ እየበላ ሳለ ኦርቪል መጣና ትከሻውን ቸብ አደረገው።

«ሲያዩት ያስጠላል» አለው። «ግን ይሁን፣ እንለምደዋለን።»

ላይል አፉ ሞልቶ ስለነበር ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ቴት ከማዶ ከጓደኞቹ ጋር ቆሟል። አንዱ በቀኙ በኩል ኳስ ጣል ሲያደርግለት ሳይዞር በአንድ እጁ ቀለበው። ካርላ አይታው ኖሮ የያዘችውን ሰሐን መኪናው ላይ አስቀመጠችና፣ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ዓይኗን ጠረገች።